«ጤፉ ኦርጋኒክ ነው?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ። እህል ስመዝን ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አብሽ፣ ኑግ እሸጣለሁ። በወቅቱ በርበሬ አለኝ። ማር ከመጣም እምቢ አልልም። ጋዜጣችሁን የሚያመጣልኝ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ሲዘጋ የወሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይደርሰኛል። ደብዳቤዬ ቢዘገይ የእኔ ስንፍና አይደለም።

የጻፍኩት በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ኦርጋኒክ ምግብ፣ ማለትም ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መድኃኒት ስለሚመረተው፣ የወጣውን አንብቤ ነው። ጽሑፉን አልጠላሁትም። ግን ስለ ማሳው ብዙ አውርቶ ስለ መጋዘኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እህል ከአውድማ ተነስቶ ምጣድ ላይ እስኪደርስ ወራት ያድራል። የሚያድረው ደግሞ እኔ ዘንድና እኔን በመሰሉ ሰዎች ዘንድ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ባለፈው ጥር፣ የሠርጉ ሰሞን፣ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ለዘመድ ሠርግ ነው የመጣችው። ስትመለስ ጤፍ ይዛ ልትሄድ ፈልጋለች። መኪናዋን ሱቄ ደጃፍ አቁማ ገባች። ጤፉን በመዳፏ ዘገነች፣ አሸተተች፣ አንድ ሁለት ፍሬ አፏ ውስጥ ጣል አደረገች። ከዚያ «ጋሼ፣ ጤፉ ኦርጋኒክ ነው?» አለችኝ።

ጤፉ ማኛ ነው። ያመጣልኝ ከደምበጫ ወዲያ ያለ አበልጄ ነው። ማሳውን አውቀዋለሁ። ከማዳበሪያው ዳፕ ጠጥቷል፣ ዩሪያ ጠጥቷል። አረሙ ሲበረታበትም ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ተረጭቶበታል። ጄሪካኑን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን ምን አልኳት? «አዎ እህቴ፣ ንጹህ የሀበሻ ነው!» ከዚያም በኩንታል 500 ብር ጨመርኩባት። ሁለት ኩንታል ወሰደች። አልተከራከረችም። የማይከራከር ገዢ ያስፈራል። ስትሄድ ሆዴን ቅር አለው።

«የሀበሻ» ማለቴ እንኳ ውሸት አልነበረም። «አዎ» ማለቴ ነው ውሸቱ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምግብ ነገር ተምራ ተመርቃለች። ትስቃለች ብዬ ነበር። እንጀራዋን ትታ ተነሳች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» አለችኝ። እናቷ ደግሞ ከማጀት ሆና «ሴትዮዋ ራሷ ምን እንደጠየቀች መች አወቀችና!» አለች። ያን ማታ ቤታችን ችሎት ሆነ። ይህ ደብዳቤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ስንጨቃጨቅ የከረምንበት ነገር ነው።

እንግዲህ ከልጄ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ኦርጋኒክ ማለት «የሀበሻ» ማለት አይደለም። እኛ ጎጃሞች ጥሩ ነገር ስንል የሀበሻ ዶሮ፣ የሀበሻ እንቁላል፣ የሀበሻ ጎመን እንላለን። ማኅተማችን ይህ ቃል ነው። ግን ዘሩን ይናገራል እንጂ ምን እንደተረጨበት አይናገርም። የሀበሻ ጎመን ላይም መድኃኒት ይረጫል። የኦርጋኒክ ነገር ግን ሕግ አለው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ የሚባል ወጥቷል፤ ቁጥሩ 488/1998 ነው። እኔ ያን ጊዜ ሱቅ ከፍቼ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። መውጣቱን የሰማሁት ዘንድሮ ከልጄ ነው።

አሜሪካኖቹ አንድን ማሳ ኦርጋኒክ ለማለት የተከለከለው ነገር ሳይነካው ሦስት ዓመት መክረም አለበት ይላሉ። በየዓመቱ መርማሪ ይመጣል። መዝገብ ይታያል። መጋዘኑ ሳይቀር ይፈተሻል። መጋዘኑ! እሱን ስሰማ ሆዴ ተንቦጨቦጨ። የእኛም ቡና፣ ሰሊጥና ማር ለውጭ ገዢ ሲሄድ በዚህ መንገድ ተመርምሮ ምስክር ወረቀት የሚይዝ አለ። እኔ ባለሁበት ገበያ ግን ኦርጋኒክ የሚል ማኅተም ያለበት ጆንያ እስከ ዛሬ አላየሁም። ያለው የነጋዴ አፍ ነው። የነጋዴ አፍ ደግሞ ምን እንደሚል ከላይ ጽፌላችኋለሁ።

አሁን ጥቅም አለው ወይ ወደሚለው ልሂድ። ልጄ በስልኳ እያነበበች ነገረችኝ። በፈረንጆቹ 2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 237 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። በቪታሚን በኩል ኦርጋኒኩ ይህን ያህል የሚበልጥበት ነገር አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት የመገኘቱ ዕድል ግን በኦርጋኒኩ ላይ ያንሳል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ቡድን 343 ጥናቶችን ተመለከተ። እነዚህኞቹ ደግሞ አንቲኦክሲዳንት የሚሉት፣ ለሰውነት ይጠቅማል የሚባል ነገር በኦርጋኒክ ሰብል ላይ ከፍ ብሎ፣ ካድሚየም የሚባለው መጥፎ ብረት ዝቅ ብሎ አገኙት። እናቷ «ታዲያ ተስማሙ ወይስ ተጣሉ?» ብላ ጠየቀች። ልጄ «በመርዙ ተስማምተዋል፤ በጥቅሙ ገና ናቸው» አለቻት። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

የመርዙን ነገር እኔም ከማንበብ አይደለም የማውቀው። ገበሬው ሲረጭ አይቻለሁ። ጓንት የለም። አፍ መሸፈኛ የለም። ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ የሚረጨውን ታንክ በጀርባው አዝሎ፣ ነፋስ ወደ ፊቱ እየመለሰበት ይሄዳል። ማታ በዚያው ልብስ ልጁን ያቅፋል። ንብ ያለው ጎረቤት ደግሞ አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ እያየ ይጮኻል። ንቦቹ ቀፎው ደጃፍ ላይ ተነጥፈው ይገኛሉ። ኦርጋኒክ ምግብ ከበላተኛው ይልቅ መጀመሪያ የሚጠቅመው ይህን ረጪና ይህን ንብ አርቢ ይመስለኛል።

ጄሪካኑስ? እሱን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከደጋ ዳሞት በኩል ማር ይዞ መጣ። ማሩ ጉድ ነው። ነጭ፣ ረጋ ያለ፣ ሽታው ሱቁን የሞላ። ሰውየው «አያ፣ ይሄ ማር ስኳር አያውቅ፣ መድኃኒት አያውቅ» አለኝ። አመንኩት። ልመዝን ጄሪካኑን ሳነሳ ጎኑ ላይ የተላጠ ወረቀት አየሁ። ከወረቀቱ የቀረችው አንዲት የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ናት። ጄሪካኑ የአረም መድኃኒት ይዞ የኖረ ነው። «አጥበኸዋል?» አልኩት። «በአመድና በሙቅ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ!» አለኝ። የሰውየው ዓይን አይዋሽም ነበር። ማሩ እንደሚለው ነው፤ ንብ ከጫካ አበባ የቀሰመችው፣ ማንም ያልነካካው። ግን ወር ሙሉ ውስጡ የከረመበትን ዕቃ ማን ያጥበዋል? መለስኩት። ሌላ ነጋዴ ገዛው። በየገበያው ባዶ የመድኃኒት ጄሪካን ለውሃና ለዘይት መያዣ ሲሸጥ አያለሁ። ሸማች ሆይ፣ ቅቤና ማር ስትገዛ ከማሩ በፊት ዕቃውን ገልብጠህ እይ።

ወደ መጋዘን እንግባ። ይህን ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ለእኔ ለነጋዴው ጠላቴ ነቀዝ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ ነቀዝ ይወዳል። ክረምቱ ሳይወጣ ጆንያው ውስጥ ጆሮህን ብታስጠጋ ይሰማሃል፤ ልክ እንደ ለስላሳ ዝናብ። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ፍሬው ያንሰዋል፤ ጎጆ የሚቀልስበት ቦታ የለውም። አባቶቻችን ይህን አውቀው ሽምብራና በቆሎ መካከል ጤፍ ይነሰንሱ ነበር። ጤፉ ክፍተቱን ይሞላና ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ዛሬ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ አላየሁም። ጊዜ ይበላል።

እኔ የማደርገው ማላታዮን የሚባለውን የነቀዝ መድኃኒት ዱቄት ማርከፍከፍ ነበር። መለኪያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የእኔ መለኪያ ግን እፍኝ ነበር። «ትንሽ ቢበዛ ነቀዙን ይገድላል እንጂ ምን ይጎዳል!» እያልኩ። ከተረጨ በኋላ መቼ መሸጥ እንዳለበትም ተጽፏል። ገዢ ከመጣ ግን ማን ቀን ይቆጥራል?

ከዚያ የነቀዝ ክኒን መጣ። ዱቄቱ ይሻላል ወይስ ክኒኑ ብትሉኝ ክኒኑ ቅሪቱ ያንሳል ይባላል፤ ጋዝ ሆኖ ይወጣልና። ግን ጋዙ ሰው ይገድላል። የአየሩ እርጥበት ሲነካው ነው መተንፈስ የሚጀምር። በደንብ ታሽጎ፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ በሚያውቅ ሰው እጅ የሚሠራ ነው። እኔ ደግሞ መጋዘኔና መኖሪያ ቤቴ በአንድ ግድግዳ የሚካፈሉ። ግድግዳው ጭቃ ነው። አንድ ሌሊት ክኒኑን ሽምብራ ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትንሹ ልጄ ማስመለስ ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለ። እናቱ «ዛሬ ማን ነጭ ሽንኩርት ከተፈ?» ስትል ነው የገባኝ። ልጁን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ልጁ ተረፈ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እግር ኳስ ይጫወታል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነጭ ሽንኩርት ሲቁላላ ልቤ ይመታል።

ያ ሽምብራ የተዘራው ጥቁር አፈር ላይ፣ በርጥበቱ ነው። ማዳበሪያ አላየም። ገበሬው ሙልጭ ያለ ድሃ ስለሆነ መድኃኒትም አልረጨበትም። ማሳው ላይ መርማሪ ቢመጣ «ኦርጋኒክ!» ብሎ ይሄድ ነበር። መርዙን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ከታጨደ ከአምስት ወር በኋላ። ለዚህ ነው «ኦርጋኒክ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚጎድለው። ገዢው ስለ ማሳው ይጠይቃል። እኔም ስለ ማሳው እውነቱን እነግረዋለሁ። ስለ መጋዘኔ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

አሁን አየር የማያስገባውን ከረጢት እጠቀማለሁ። ሦስት ድርብ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲክ ናቸው። እህሉን በደንብ አድርቀህ፣ አየሩን ጨቁነህ ታስራለህ። ነቀዙ ያለችውን አየር ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት የለም። ዋጋው ከተራ ጆንያ ይበልጣል፤ አይጥ ከበሳውም አበቃለት። ግን ይሠራል። በቆሎ የምትገዙ ሰዎች ይህን ብትጠይቁ ጥሩ ነው። ሽምብራና ባቄላ እንኳ ለሽሮ ሲሆን ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል። በቆሎ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ ወፍጮ ቤት ይገባል። ያረከፈከፍኩት ሁሉ አብሮ ይፈጫል።

የጤና ዓምዳችሁ ጸሐፊ አንድ ቦታ ላይ «ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይጎዳም» የሚል መንፈስ አለው። እዚህ ላይ አልስማማም። ጓያን የማያውቅ ጎጃሜ አለ? ጓያ ማዳበሪያ አይፈልግም። ዝናብ ሲጠፋም ይበቅላል። ዩሪያ ሽታው እንኳ ያልደረሰው ሰብል ነው። በችግር ዘመን ወር በወር እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩን ይሰበራል። በልጅነቴ መንደራችን ውስጥ በሁለት ዱላ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ጓያ ነው የሰበረው። እንክርዳድም እንዲሁ ነው። ስንዴው ውስጥ ሳይለቀም የተጋገረ ዳቦ ሰውን ያዞራል። ሁለቱም ከእግዜር የተፈጠሩ ናቸው።

ሻጋታም ተፈጥሮ ነው። በርበሬያችን ስሙ በአገር የታወቀ ነው፤ የቡሬም የፍኖተ ሰላምም። ግን ሲታሸግ እንዳይሰባበር ውሃ ርጭት የሚያደርጉበት አሉ። ኪሎውም ይጨምራላ! እርጥቡ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ከአንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ጉበት የሚጎዳ፣ ለካንሰር የሚዳርግ። ወጥ ስለተንተከተከ አይጠፋም። ይህ መርዝ አዲስ አበባ ዙሪያ በተመረመረ ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ምንጩ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑጉ ምን ኬሚካል ነካው? ምንም። በደንብ ሳይደርቅ ተከማቸ እንጂ።

ስለ አብሽ ደግሞ የሰማሁት ከሁሉ የገረመኝ ነው። በፈረንጆቹ 2011 ጀርመን ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ ከ50 በላይ ሞተ። ተጠርጥሮ ተጠርጥሮ የተገኘው ሰላጣ ላይ የሚነሰነስ የዘር ቡቃያ ነው። ያበቀለው እርሻ ኦርጋኒክ ነበር። ዘሩ ደግሞ ከግብፅ የሄደ አብሽ። ያ ሁሉ ሰው የሞተው በባክቴሪያ ነው፤ በኬሚካል አይደለም። እኔ አብሽ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ግን «አባዬ፣ እኛ አብሽ ጥሬውን አናበቅልም፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ ነው» ብላ አረጋጋችኝ። የጓሮ ሰላጣ ላይ ግን አላረጋጋችኝም። ትኩስ ፍግ የፈሰሰበት፣ በወንዝ ውሃ የሚጠጣ ሰላጣ ኦርጋኒክ ሊሆን ይችላል። ወስፋትም ሊኖርበት ይችላል። በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ጎመኑማ ይቀቀላል፤ ጎመን ያወጣናል።

አሁን ስለ ዋጋው። ይህን ያመጣሁት ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ነው።

በ2015 ማዳበሪያ እንደጠፋ ታስታውሳላችሁ። ገበሬው ከወረዳ ወረዳ ተንከራተተ። የአበልጄ ማሳ ግማሹ ያለ ማዳበሪያ ተዘራ። የእኛ የጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው፤ ኖራ ካልተደረገበት ማዳበሪያውንም በቅጡ አይበላም። ፍግ ደግሞ የት አለ? እንጨት በሌለበት አገር ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንጀራችን የሚጋገረው አፈራችን መብላት ባለበት ነገር ነው። ያን ዓመት አበልጄ ያመጣልኝ ጤፍ ከወትሮው እኩሌታ አይሞላም። ፍሬውም የቀጨጨ። ይህን ያየ አንድ ደላላ ወደ እኔ መጣ። «አያ፣ ይሄ እኮ ዕድል ነው፤ ማዳበሪያ ያልነካው በለውና ለአዲስ አበባ ሽጠው» አለኝ። ያን ቀን አላደረግኩትም። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ሳይሆን ለመሸጥ የሚተርፍ ጤፍ ስላልነበረኝ ነው።

ማዳበሪያ ያጣ ማሳ ኦርጋኒክ አይባልም፤ የተራበ ነው የሚባል። ኦርጋኒክ ማለት አፈሩን በሌላ ነገር ማብላት ነው፤ በኮምፖስት፣ በፍግ፣ ባቄላና ሽምብራ እያፈራረቁ በመዝራት። ይህ ሥራ ነው። ዓመታትም ይፈልጋል። ስሪ ላንካ በፈረንጆቹ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በአንዴ ከለከለች። ሩዙም ሻዩም ቀነሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ። ስለዚህ የእውነት ኦርጋኒክ የሆነ እህል ቢወደድ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ያልሆነውም በዚያው ዋጋ መሸጡ ነው።

እና ማን ይግዛው? የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነች መምህርት ደንበኛ አለችኝ። በወር ሃያ ኪሎ ጤፍ ትወስዳለች፤ በወር መጨረሻ ደግሞ በዱቤ። እሷን «ኦርጋኒክ ካልሆነ አትብዪ» ብላት ነውር ነው። ባለቤቴ እንዳለችው ድሃ ሰው መርዝ ፈርቶ ጎመን ከተወ የሚጎዳው ከጎመኑ መቅረት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ገንዘብ ካላት የት ታውጣው ብትሉኝ እኔ የማውቀውን እላለሁ። ጤፍ ላይ አትጨምር፤ መጋዘን ውስጥ መድኃኒት አይፈልግም። ቲማቲም ላይ ትጠንቀቅ፤ ዛሬ ረጭቶ ነገ የሚለቅም አለ። በቆሎ ላይ ትጠይቅ። በርበሬ ስትገዛ ዛላውን ሰብራ ውስጡን ትይ፤ ነጭ ወይ ጥቁር አቧራ ካለ ትተወው። ለዚህ ሁሉ ከዓይንና ከአፍ በቀር ወጪ የለውም።

ከልጄ ጋር ተመካክረን አንድ ነገር ሞከርን። ከካርቶን ቆርጠን ጆንያዎቹ ላይ ሰካን። በማርከር ሦስት ነገር ጻፍን። ከየት መጣ። መቼ ተወቃ። ምን ተደረገበት። ለምሳሌ የበቆሎው እንዲህ ይላል፦ «ወንበርማ፣ ታኅሣሥ፣ መጋዘን ውስጥ ምንም አልተደረገበትም፣ ማሳ ላይ ማዳበሪያ አለው።» ከድሮው የቀረች አንዲት የባቄላ ጆንያ ነበረችኝ። እሷ ላይ «የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎበታል» ብዬ ቀኑን ጻፍኩ።

ምን የሆነ ይመስላችኋል? በገበያ ቀን ሰዉ እየገባ ያነባል። የባቄላውን ካርቶን ሲያይ ፊቱን ያጠፋል። ወጥቶ ከጎረቤቴ ይገዛል። ጎረቤቴ ባቄላውን ያወረደው ከእኔ ጋር ከአንድ መኪና ነው፤ ያከመውም እንደ እኔው ነው። ካርቶን ብቻ ነው የሌለው። ባለቤቴ ሦስት ገበያ ታገሠች። በአራተኛው «ወይ ካርቶኑን አንሳ፣ ወይ እኔን አንሳ» አለች። ባቄላዋን እኛው ጨረስናት፤ ታጥባ፣ ተዘፍዝፋ። የቀሩት ካርቶኖች እስከ ዛሬ አሉ።

እናንተን የምለምነው እንግዲህ ይህንን ነው። ስለ ኦርጋኒክ ስትጽፉ አንድ ቀን ወደ እህል በረንዳ ወርዳችሁ የመጋዘን ሰው አነጋግሩ። አዋጁን ያወጡትንም ጠይቁልን፤ ለውጭ ገዢ ሲሆን መጋዘኑ ድረስ የሚፈተሸው ጆንያ ለእኛ ሲሆን የማይፈተሸው ለምንድን ነው? እኔ አንድ ሰው ካርቶን ስሰካ እከስራለሁ። በረንዳው ሁሉ እንዲሰካ ቢታዘዝ ማንም አይከስርም።

ስሜን ለእናንተ በተለየ ወረቀት ጽፌያለሁ። ጋዜጣው ላይ ባታወጡት ደስ ይለኛል፤ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ዕድር ነን።

አዲስ አበባ ላለችው ሴት ግን አንድ መልእክት አድርሱልኝ። በጥር ለሠርግ መጥተሽ ሁለት ኩንታል ማኛ የገዛሽኝ፣ ነጭ መኪና የያዝሽ። ጤፉ ጥሩ ጤፍ ነው፤ ሳትሰጊ ብዪው። ግን ማሳው ዳፕም ዩሪያም ቱፎርዲም አይቷል። የጨመርኩብሽን 1,000 ብር በፖስታ አድርጌ ከሚዛኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ወደዚህ ስትመጪ ሱቁን ታውቂዋለሽ፤ ጆንያዎቹ ላይ ካርቶን የተሰካበት ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእህል ነጋዴ
ፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም